ቲሹማ አውቃለሁ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም። ከሚስቴ ጋር ሃያ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ስተኛ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ። «ሂድና ለራሳቸው ንገራቸው» ይሉኛል፤ ሌላ ምንም አይሉኝም። ያችን አንዲት ትእዛዝ ፈርቼ ነው ከካህን ፊት ሸሽቼ እናንተ አንባቢዎች ፊት የቆምኩት። እናንተ ቀኖና አትሰጡም። ሂድ ብትሉኝም ድምፃችሁ አይደርሰኝም። እንዲህ አድርጎ የሚናዘዝ ሰው ፈሪ ነው ብትሉ አልከራከርም፤ በሌላው ነገር ሁሉ ስከራከር መኖሬን ታውቃላችሁ።

በዚህ መጽሔት ላይ በየወሩ በሰው ስቀልድ ነው የኖርኩት። በፖለቲከኛው ቀልጃለሁ። ልጁን አማርኛ ባላስተማረው አባት ቀልጃለሁ፤ አስተምሬያለሁ ብሎ በየድግሱ ልጁን በሚያስነበንበውም ቀልጃለሁ። ኑዛዜ በሚጽፉ ሰዎች ደግሞ አብዝቼ ቀልጃለሁ፤ ከኃጢአታቸው ይልቅ ዓረፍተ ነገራቸውን ይወዳሉ ብዬ። እነሆ እኔም ዓረፍተ ነገር እየመረጥኩ ነው። ስለዚህ ሳላሳምረው ልበለው፤ አንዲት ሴት ባሏን በሙሉ አካሉ የቀበረች እንዲመስላት ያደረግሁ እኔ ነኝ። ያደረግሁትም በአንድ ቃል ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። እዚህ በስደት ከተማችን፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የእኛ ሰው የከፈታቸው ምግብ ቤቶች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ መንገዱም በእኛ ስም አይጠራም ነበር። እኔ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነበርኩ። አገር ቤት ባዮሎጂ ተምሬ፣ በሱዳን በኩል ወጥቼ፣ ዊልሻየር ጎዳና ላይ በአንድ ፎቅ ቤት ሥር የሰው መኪና አቆም ነበር። ሥራውን ያስገቡኝ ጋሼ ታፈሰ ናቸው። መንዳት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፤ በእሑድ ባዶ ሜዳ ላይ፣ ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር «ቀስ! መኪና ነው እንጂ በቅሎ አይደለም» እያሉ።

ጋሼ ታፈሰ የሰማንያ መኪና ቁልፍ ያለ ቁጥር ይለዩ ነበር። ቁልፍ አንጠልጥለው ይጠሩኛል።

«አንተ ባዮሎጂስት፣ ይሄ የማን ነው?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«የዚያች የሦስተኛ ፎቅ ጠበቃ ነው። ጥርሱ እንደ እሷ መግጠጡን አታይም እንዴ?»

ዌስትውድ ሰፈር ውስጥ በአንድ ትንሽ የምርምር ክፍል የላቦራቶሪ ሥራ ሳገኝ ከእኔ በላይ የተደሰቱት እሳቸው ናቸው። «በል እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ ፓርክ የምታደርገው ጀርም ነው» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ያን የሳሙኝን ሰው ነው እንግዲህ የበደልኩት።

ከዚያ በኋላ በዓመቱ ይመስለኛል፣ የአንድ የጥርስ ሐኪም ቁልፍ ለጠበቃዋ ሰጧት። ሁሉም ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ብዙ ሳይቆይ ከሥራ ወደ ቤታቸው የሚወስደው አውቶቡስ ጠፋባቸው። በመጨረሻም አንድ ቀን የቁልፎቹ ሰሌዳ ፊት ቆመው ሲያለቅሱ ተገኙ። ሃምሳ አንድ ዓመታቸው ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ በአንድ ሆቴል ክፍል ያጸዱ ስለነበር ቀን ጋሼን ጎረቤት እየጠበቃቸው፣ ማታ ራሳቸው እየመገቧቸው፣ ሦስት ዓመት ቆዩ። ጋሼ ታፈሰ መጀመሪያ የረሱት እንግሊዝኛውን ነው፤ ቀጥሎ የእኔን ስም፤ ከዚያ የገዛ ልጃቸውን የራሔልን። አንድ ክረምት ሳንባ ምች ያዛቸውና ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሞቹ አይወጡም አሉ።

እዚህ ላይ ሥራዬን መግለጽ አለብኝ። ሳላስረዳችሁ ብዘልለው ሌላ ማታለል ይሆናል።

የአንጎል ሕዋስ ልክ እንደ ጭቃ ቤት ቋሚና ማገር አለው። ማገሩ ከፕሮቲን የተሠራ፣ በዓይን የማይታይ ቀጭን ክር ነው። ክፍላችን የሚያጠናው ይህን ማገር ነበር፤ ሰው ማሰብ ሲሳነው ክሩ ምን ይሆናል የሚለውን። ከቀዘቀዘ አንጎል በጣም ስስ ቁራጭ እቆርጥና መስታወት ላይ እለጥፈዋለሁ። ከጥንቸል ደም የተገኘ፣ አንቲቦዲ የሚባል ፈሳሽ አንጠባጥብበታለሁ፤ ይህ አንቲቦዲ ያን ፕሮቲን ብቻ ፈልጎ ይይዛል፣ ራሱ ግን አይታይም። ከዚያ ከፍየል የተገኘ፣ ቀለም የተቀባ ሁለተኛ አንቲቦዲ እጨምራለሁ። የፍየሉ ፕሮቲኑን አያውቀውም፤ የሚያውቀው የጥንቸሉን ብቻ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ማይክሮስኮፕ ሥር ልዩ ብርሃን ሲመታው አረንጓዴ ሆኖ የሚያበራው ግን የፍየሉ ነው። ሁልጊዜም የጥንቸሉ ያልገባበት አንድ መስታወት ለማነጻጸሪያ እናዘጋጃለን። ማነጻጸሪያው ካበራ ያየነው ሁሉ ውሸት ነው፤ እንጥለዋለን።

አንድ ችግር አለ። ሰው ከሞተ በኋላ ያ ማገር በሰዓታት ውስጥ መፈራረስ ይጀምራል። ከየሆስፒታሉ የሚመጣልን አንጎል ብዙ ጊዜ የቆየ ነበር፤ ፍርስራሽ ነበር የምንመለከተው። ፕሮፌሰሩ፣ በኮሪደር ሲሄድ የሚሮጥ የሚመስል ቀጭን ሰው፣ ጋሼ ታፈሰን ከእኔ ወሬ ያውቃቸው ነበር። ማክሰኞ ጠዋት አረፉ ተብሎ ሲደወል ጠራኝ። ያለኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ልረሳው ሞክሬ አልሆነልኝም።

«ሁሉንም ነገር በቋንቋዋ አስረዳት። አንጎሉን ሙሉውን እንደምንወስድ፣ እንደማንመልሰውም ንገራት። እምቢ ካለች እምቢ ነው። አንድ ቃል እንዳትጨምር።»

«ለእኔ ተወው» አልኩት።

እንግዲህ ፈረንጁ አሳሳተኝ የምልበት ቀዳዳ የለኝም። ፈልጌ አጥቼዋለሁ።

እትዬ ጽጌ በሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል። ከሥራ ነው የተጠሩት። አልቅሰው ጨርሰው ነበር መሰለኝ፣ ፊታቸው ደረቅ ነበር። ራሔል ትምህርት ቤት ነበረች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ እንግሊዝኛዋ ያኔም ከእኔ ይሻል ነበር። እሷ አጠገባቸው ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ነገር አይኖርም። በእጄ የያዝኩት ወረቀት ሁለት ገጽ ነበር። ግርጌው ላይ የአስተርጓሚው ፊርማ የሚል መስመር ነበረው።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አሉኝ።

«ጋሼ ምን እንደያዛቸው ለማወቅ ይፈልጋሉ፤ እትዬ። ለሌላ ሰውም ይጠቅማል።»

«እንዴት አድርገው ነው የሚያውቁት? አሁንማ አይናገር።»

አንጎል የሚለውን ቃል አፌ ላይ ይዤው ነበር። አማርኛው ግልጽ ነው፤ ሕፃን ይገባዋል። አንጎላቸውን አውጥተው ይወስዳሉ። ስድስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የማያስፈልገው ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ ግን ዋጥኩት። እምቢ ይላሉ ብዬ ፈራሁ። እምቢ ካሉ ፕሮፌሰሩ ዘንድ ባዶ እጄን እመለሳለሁ፤ ለእኔ ተወው ብዬዋለሁ። ሰዓቱ ይሄዳል፤ ማገሩ ይፈርሳል። እና በእንግሊዝኛ አልኩት።

«ከጭንቅላታቸው ቲሹ ይፈልጋሉ።»

እትዬ ጽጌ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊታቸው ትንሽ ቀለለ። ምነው ባልቀለለ።

«ቲሹማ አውቃለሁ» አሉ። «በቀን ስንት ሳጥን የምቀይር ሰው ነኝ። ጠርገው ነው እንዴ የሚያዩት?»

ያኔ ገባኝ። ሶፍት መስሏቸዋል። በየክፍሉ አልጋ ራስጌ የሚያስቀምጡት፣ ጫፉን ሦስት ማዕዘን አድርገው የሚያጥፉት የወረቀት መሐረብ። ላቡን፣ ወይ ከአፍንጫው የሚወርደውን፣ በወረቀት ጠርገው የሚመረምሩ መስሏቸዋል። አይደለም ለማለት አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

«እንደዚያ ይበሉት» አልኩ።

«ስለት አይነካውም?»

አያችሁ፤ በቃሉ ሳልዋሽ ማምለጥ እችል መስሎኝ ነበር። ስህተቱ የእሳቸው ይሆን ነበር፤ እኔ ዝም ያልኩ ብቻ እሆን ነበር። እሳቸው ግን መውጫውን ዘጉብኝ። በግልጽ አማርኛ ጠየቁኝ።

«አይነካቸውም እትዬ» አልኩ።

«ማርያምን?»

«ማርያምን።»

በዚያ ዘመን በማርያምም በማንም አላምንም ነበር፤ ስለዚህ መሐላው ቀላል ነበር ብዬ ራሴን አጽናንቻለሁ። የማያምን ሰው ሲምል የሚዋሸው ለሚያምነው ሰው እንጂ ለማርያም አለመሆኑን ለመረዳት ዕድሜ ፈጀብኝ።

ከዚያ ያላሰብኩት መጣ። ቦርሳቸውን ከፍተው አንድ ነጭ ጨርቅ አወጡ። ከአሮጌ ነጠላቸው ቀደው የዘመዘሙት ነው፤ ጋሼ ታፈሰን ሲመግቡ አፋቸውን የሚጠርጉበት። በጥንቃቄ አራት ቦታ አጥፈው ሰጡኝ።

«ወረቀት ፊቱን ይቧጥጠዋል፤ ቆዳው ሳስቷል። በዚህ ይጥረጉት በላቸው። ሲጨርሱ ግን መልስልኝ። የእሱ ነገር እነሱ ዘንድ እንዲቀር አልፈልግም፤ ሙሉውን ነው የምቀብረው።»

ሙሉውን። ቃሉን ሲሉ ቀና ብለው አዩኝ። ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው፤ በአማርኛ ፈረሙ። እኔም ፈረምኩ። ከፊርማዬ በላይ ያለው ጽሑፍ «ሁሉንም በትክክልና በሙሉ ተርጉሜያለሁ» ይላል። ያ ወረቀት የት እንዳለ አላውቅም። በአንድ ምድር ቤት፣ በአንድ ካርቶን ውስጥ አለ። ለዓመታት ስልክ በጮኸ ቁጥር ሰው አግኝቶት የደወለልኝ ይመስለኝ ነበር። ዛሬም የማላውቀው ቁጥር ሲደውል አላነሣም፤ ጓደኞቼ ኩራት ይሉታል።

ጨርቁን የሥራ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። እኩለ ቀን ሳይሆን የጋሼ ታፈሰ አንጎል በበረዶ ሳጥን ክፍላችን ገባ። ገሚሱን በመድኃኒት ውስጥ አስቀመጥነው፤ ገሚሱን አቀዘቀዝነው። መለያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ደንቡ ስም ስለማይፈቅድ ሦስት ፊደልና አንድ ቁጥር። ይህንም ልናዘዝ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ፕሮፌሰሩ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ይህን ያህል ትኩስ አይተን አናውቅም» አለኝ፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ቀና ብዬ ዋልኩ።

ፍርሃቱ ቅዳሜ መጣ። የቀብር ጸሎቱ ከሌላ ማኅበረ ምዕመናን በተዋስነው ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ሬሳ ሳጥኑን ክፍት አድርገው አመጡት። እኔ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ። ከአንድ ጆሮ ኋላ እስከ ሌላው ጆሮ ኋላ ይሰነጠቃል፣ ይወጣል፣ ይሰፋል፣ ትራስ ይሸፍነዋል። ፊት ለፊት ለሚያይ ሰው ምንም የለም። ሰው ሁሉ ጋሼ ታፈሰን እያየ ሲያለቅስ እኔ የማየው ትራሱን ብቻ ነበር። እትዬ ጽጌ ግንባራቸውን እየዳሰሱ ቆዩ፤ ጣታቸው ወደ ጆሮ በተጠጋ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ሳጥኑ እጠጋለሁ። ከዚያ ከነጠላቸው ሥር አንዲት ትንሽ ትራስ አወጡ። ጋሼ የሚወዷት፣ ቤት ውስጥ የሚተኙባት ናት።

«ቀና አድርጉልኝ» አሉ። «ይቺን ላድርግለት።»

ሁለት ሰዎች እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ሰው ገፍቼ ገባሁ።

«እኔ! እኔ አደርገዋለሁ እትዬ!»

በሁለት እጄ ያዝኳቸው። ከጣቶቼ ሥር ስፌቱ ነበር። ወፍራም ክር፣ የጆንያ አሰፋፍ። በጣቴ እየሸፈንኩት ራሳቸውን አነሣሁ፤ እትዬ ጽጌ ትራሷን አስገቡ። እጃቸው እጄን ነካው። አንድ ጣት ወደ ውስጥ ቢያልፉ ኖሮ ያገኙት ነበር። ቀስ ብዬ መልሼ አስተኛኋቸው። ሳጥኑን ተደግፌ ቀረሁ። ያዩኝ ሁሉ በሐዘን ነው አሉ።

«ከልጅ በላይ ነው የሆነላቸው» አለች አንዲት ሴት ከኋላዬ።

«እንዲህ ያለ ታማኝ የት ይገኛል?» አለች ሌላዋ።

ሰው እንዲህ ሲያመሰግነው መሬት ተከፍታ ባትውጠው የሚገርመው ሰው አለ? እኔ ገርሞኛል። ከመቃብሩ ስንመለስ እትዬ ጽጌ ክንዴን ያዝ አድርገው «ጨርቄን እንዳትረሳ» አሉኝ።

ረስቼው ነበር። ሰኞ ካፖርቴን ስፈልገው የለም፤ ከሌሎቹ ጋር ለእጥበት ሄዷል። እስኪመለስ ሦስት ቀን ጠበቅሁ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ ነው የመጀመሪያዎቹን መስታወቶች ያዘጋጀሁት።

በጨለማው ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ማነጻጸሪያው ምንም አላበራም፤ ጥቁር ነው። እውነተኛውን ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባሁ። አረንጓዴ ክር ታየኝ። ክር እንጂ ማገር አልነበረም። እንደ ተበተነ ድር፣ እንደ ተጠማዘዘ የእሳት ነበልባል፣ በየሕዋሱ ውስጥ ተተብትቦ። የሰማንያ ቁልፎች ፊት የተቀመጠበት ቤት ይህ ነው አልኩ ለራሴ። የጠበቃዋ ቁልፍ፣ የራሔል ስም፣ ያ «ቀስ!» የሚለው ድምፅ፣ ሁሉም እዚህ ድር ውስጥ ነበረ። እና የዚያ ቀለም ጠባይ ይህ ነው፤ ባየነው ቁጥር ይደበዝዛል። የሚያሳየን ብርሃን ራሱ ያጠፋዋል። ዓይኔን ሳላነሣ ተመለከትኩ፤ ከደቂቃዎች በኋላ ጋሼ ታፈሰ እፊቴ ጠፉ።

ሐሙስ ካፖርቱ ተመለሰ። ጨርቁ ከኪሱ ውስጥ ታጥቦ፣ ነጥቶ፣ ተጨምድዶ ወጣ። ያ ጨርቅ ከሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል ወደ ኪሴ፣ ከኪሴ ወደ ልብስ ማጠቢያ ነው የሄደው። ጋሼ ታፈሰን አልነካም። የድሮ ምራቃቸው እንኳ ቢኖርበት በሳሙና ሄዷል።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ለማስረዳት ከእብደት ሌላ ስም የለኝም። ከጨርቁ አንድ ክር መዝዤ መስታወት ላይ አድርጌ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባሁት። ምን እየፈለግሁ ነበር? መብራቱን ስከፍተው ነደደ። ሰማያዊ ነጭ ብርሃን፣ ዓይን የሚያቃጥል። ወንበሩን ገልብጬ ግድግዳው ጋ ደረስኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ሳሙናው ነው። ልብስ ነጭ እንዲመስል ሳሙና ውስጥ የሚጨምሩት ነገር እንዲህ ያበራል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ማንም ተማሪ ያውቀዋል። ተመልሼ ተቀመጥኩና ደቂቃዎች ቆጠርኩ። አልደበዘዘም። የሰውየው አንጎል የጠፋበት ብርሃን ሥር የሳሙናው ዱቄት እንደነደደ ቀረ።

ማነጻጸሪያው ካበራ ያየነው ሁሉ ውሸት ነው፤ እንጥለዋለን ብያችሁ ነበር። አልጣልኩትም። በመተኮሻ ተኩሼ፣ አራት ቦታ አጥፌ ፌርፋክስ አጠገብ ወዳለው ቤታቸው ይዤው ሄድኩ።

እትዬ ጽጌ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ሳሙና ሳሙና ይላል። አጠቡት እንዴ?»

«ሕጋቸው ነው እትዬ።»

ደግመው አሸተቱት። እኔ አበቃልኝ አልኩ። ከዚያ ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

«ታጥቦም ቢሆን ነክቶታል» አሉ። «እግዜር ይስጥህ ልጄ።»

ይህ ሁሉ ለምን? ሦስት ምክንያት ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ። አንደኛው፣ ሙት አይጎዳም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን የዋሸሁት ለሙቱ አይደለም። ሁለተኛው፣ ሳይንስ ተጠቅሟል የሚል ነው። ተጠቅሟል፤ አንድ ጽሑፍ ወጣ፤ ስሜም መጨረሻ ላይ በትንሽ ፊደል ምስጋና ውስጥ ገባ። ያን ገጽ ለሰው አሳይቼ አላውቅም። ሦስተኛው ከሁሉ የሚያስጠላ ነው፤ እትዬ ጽጌ በዚህ ተጽናንተዋል የሚል። የምርመራውን ውጤት ስነግራቸው፣ ባላቸው የታመሙት እሳቸው ባበሰሉት ወይም በተናገሯቸው ክፉ ቃል አለመሆኑን ከእኔ አፍ ሰምተው እፎይ ብለዋል። ይህም እውነት ነው። ግን ያ እውነት በእኔ አፍ ሲያልፍ የማን ሆነ? የፍየሉ አንቲቦዲ ፕሮቲኑን አይነካውም፤ የሚያበራው ግን እሱ ነው ብያለሁ። በመካከላቸው ቆሜ ያበራሁት እኔ ነኝ። እትዬ ጽጌ በሰው ፊት ባገኙኝ ቁጥር «ታፈሰን በእጁ ያየልኝ ልጅ» እያሉ ያስተዋውቁኛል። ለዚህ ነው ፌርፋክስን በሌላ መንገድ የምዞረው፤ ለዚህ ነው ሰርግ ላይ ከበር አጠገብ የምቀመጠው። ሰው ስለሚሰለቸኝ ነው እላለሁ፤ ሰዎችም ያምኑኛል፤ የጸሐፊ ጠባይ ይሉታል።

የቀረው አንጎል ጥናቱ ሲያልቅ ከሌሎቹ ጋር እንደ ደንቡ ተቃጠለ። አመድ የለም፤ ቦታ የለም። መስታወቶቹ ደብዝዘው ተጣሉ። የምመልሰው ነገር የለኝም።

ለምን ዛሬ? እትዬ ጽጌ ዛሬ ዓይናቸው አያይም፤ ከአልጋም አይነሡም። ባለፈው ወር ራሔል ደወለችልኝ። የእሷ ቁጥር ስለሆነ አነሣሁት።

«ጋሼ፣ ያለፈው ጽሑፍህ ቱ ማች ነው፤ ዲክሽነሪ ይዤ ነው ያነበብኩላት። እማዬ ግን ላይክ አድርጋዋለች፤ ከት ብላ ሳቀች።»

እኔ እትዬ ጽጌ እንደሚሰሙኝ አላውቅም ነበር። በየወሩ፣ እሑድ እሑድ፣ ልጃቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የእኔን ቀልድ እያነበበችላቸው ኖራለች።

«ሶ ጋሼ» አለች ቀጥላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የሆነ ጨርቅ አላት፤ ዳዊቷ ውስጥ። ስሞት ከራሴ ሥር አድርጉልኝ፤ የአባትሽ የመጨረሻው ነው ትላለች። ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ አለችኝ። ምንድን ነው?»

«አውቃለሁ» አልኳት። «ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።» እና ስልኩን ዘጋሁት።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሚያስፈራኝ ሁለት ነገር ነው። አንዱ እትዬ ጽጌ ሳይሰሙ መሞታቸው ነው፤ እንደገና ሳጥን አጠገብ ቆሜ፣ በገዛ እጄ የሳሙና ጨርቅ ከራሳቸው ሥር ላስገባ ነው። ሌላው መስማታቸው ነው። የትኛው እንደሚብስ ሳስብ ጎሕ ይቀድብኛል። ከሃያ ዓመት በፊት የቀለለውን ፊት አይቻለሁ፤ ሲከብድ ማየት አልችልም። ሄጄ አልጋቸው አጠገብ ቆሜ መናገር አልቻልኩም፤ ሁለት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። የምችለው ይህን ብቻ ነው፤ በየወሩ የምጽፍበት ገጽ ላይ መጻፍ። ይህም በሰው አፍ መናገር ነው። ያኔ እኔ በመካከል ነበርኩ፤ አሁን ልጃቸውን በመካከል አቆምኩ። በደል ላይ በደል መሆኑን አውቄ ነው የማደርገው።

ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅር በሉኝ ብል ይሉኛል፤ ልማዳቸው ነው፣ አፋቸው ይቀድማል። ያም ይቅርታ እንደ ጨርቁ ሌላ በሐሰት የወሰድኩት ነገር ይሆናል።

ራሔል፣ የቀረው ለአንቺ ነው። መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢው። ማንበብ ካልፈለግሽ እዚሁ አቁሚ፤ የሚወቅስሽ የለም። የምታነቢላቸው ከሆነ ግን እንደ እኔ አታለስልሺው። እንግሊዝኛ አትጨምሪበት። ቀጥሎ ያለውን ብቻ፣ በዝግታ፣ እንደተጻፈ አንብቢላቸው።

እትዬ ጽጌ፣ አንጎላቸውን ሙሉውን ወሰድን። ስለት ነክቷቸዋል። ጨርቅዎ ግን አልነካቸውም።